የ«ኦ ሱዛና» ደራሲ ለምን ደኸየ?

ጥያቄ፦ ልጆቼ ከትምህርት ቤት «ኦ ሱዛና» የሚለውን የእንግሊዝኛ ዘፈን ይዘው መጡ። ደራሲው ስቴፈን ፎስተር የሚባል አሜሪካዊ ነው አሉኝ፤ ደግሞም በመጠጥ ደኽይቶ ሞተ ይባላል። ይህን ያህል የታወቀ ዘፈን የሠራ ሰው እንዴት ይደኸያል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ መጠጡስ እውነት ነው። ግን ሁሉንም በጠርሙስ ማላከክ ግፍ ነው።

ፎስተር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1826 ፒትስበርግ አጠገብ ነው። «ኦ ሱዛና» በ1848 ሲታተም ሸክላ የለ፣ ሬዲዮ የለ። ደራሲ ገንዘብ የሚያገኘው የዘፈኑ ኖታ በወረቀት ታትሞ ፒያኖ ላላቸው ቤተሰቦች ሲሸጥ ብቻ ነበር፤ መድረክ ላይ ሺህ ጊዜ ቢዘፈን ቤሳ አይደርሰውም። የኖታውም ቢሆን፣ አሳታሚዎች እየገለበጡ ቸበቸቡት፤ እሱ ያገኘው 100 ዶላር ገደማ ነው ይባላል። ዘፈኑ ግን ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ከሚጎርፈው ሕዝብ ጋር አገር አዳረሰ።

በኋላ ከአንድ የኒውዮርክ አሳታሚ ጋር ተዋዋለና ከእያንዳንዱ ቅጂ 2 ሳንቲም ይታሰብለት ጀመር። ለዘመኑ ደህና ውል ነበር። ችግሩ፣ ሰውየው ሲቸግረው ያገኘውን ሁሉ ይሸጣል፤ ስሙን ሳይቀር! በ1851 የወጣው ትልቁ ዘፈኑ ላይ ደራሲ ተብሎ የታተመው ክሪስቲ የሚባል የመድረክ ቡድን መሪ ነው። ፎስተር በዓመቱ ስሜን መልሱልኝ ብሎ ጻፈለት፤ በሕይወት እያለ አልተመለሰለትም። ስሙን መጀመሪያ የደበቀው እንዲህ ያሉ ዘፈኖች በጨዋ ቤት ስለሚናቁ ነበር። ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው በጥቁሮች እየቀለዱ የሚዘፍኗቸው ናቸው፤ የሚገርመው ደግሞ «የኢትዮጵያ ዘፈኖች» ይሏቸው ነበር፣ ከእኛ ጋር ዝምድና የላቸውም እንጂ።

እኔን የሚቆጨኝ የ1857ቱ ነው። የዘፈኖቹን የወደፊት ገቢ በ1,872 ዶላር ጠቅልሎ ሸጠ። በጥር 1864 ኒውዮርክ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ውስጥ በ37 ዓመቱ ሲሞት ቦርሳው ውስጥ 38 ሳንቲም ተገኘ። ሙዚቃ በመድረክ ሲቀርብ ለደራሲው ይከፈል የሚለው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1897 ነው፤ ክፍያውን የሚሰበስበው ማኅበርም በ1914 ተቋቋመ።

ልጆችዎ ይዝፈኑት፣ ችግር የለውም። ጥቁሮችን የሚሰድበው የጥንቱ ስንኝ ዛሬ ለልጆች ከሚታተመው ላይ ወጥቷል።