የቡና ሥራ በኢአርፒኔክስት ላይ፦ ለአንባቢዎች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ለአንድ ቡና አበጣሪና ላኪ ድርጅት ኢአርፒኔክስትን (ግዥ፣ ስቶክና ሂሳብ የሚመራበትን ሶፍትዌር) እያስተካከልኩ ነው። የግዥ መቀበያ ቅጹ ላይ ወረዳና የእርጥበት መጠን ለመጨመር የኢአርፒኔክስትን ኮድ ነካክቼ ነበር፤ ቨርዥኑን ሳሻሽል ሁሉም ጠፋ። በዚያ ላይ ከተበጠረ በኋላ የቡናው የኪሎ ዋጋ አይመስልም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ማሻሻያው የኢአርፒኔክስትን ፋይሎች በአዲሶቹ ስለሚተካ እዚያ ውስጥ የጻፉት ወይ ይጠፋል ወይ ከአዲሱ ጋር ይጋጫል። «ቤንች» በሚባለው የትእዛዝ መሣሪያ «ቤንች ኒው-አፕ» ብለው የራስዎን አፕ (የእርስዎን ጭማሪ ብቻ የሚይዝ የተለየ ፕሮግራም) ይክፈቱና ጎን ለጎን ይጫኑት። ወረዳውና እርጥበቱ በ«ከስተም ፊልድ» (የኢአርፒኔክስትን ኮድ ሳይነኩ ቅጹ ላይ በሚጨመር መሙያ ቦታ) ይግቡ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፦ ከስክሪን ላይ የተጨመረ ፊልድ የሚቀመጠው በዚያ ሳይት (በዚያ አንድ ድርጅት ሲስተም) ዳታቤዝ ነው፤ አፑን ሌላ ሰርቨር ላይ ሲጭኑት ፊልዱ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ በአፑ ማዋቀሪያ በ«ሁክስ» ፋይል፣ «ፊክስቸርስ» (ከአፑ ጋር አብረው የሚሄዱ መረጃዎች) ሥር አስመዝግበው «ቤንች ኤክስፖርት-ፊክስቸርስ» ይበሉ። የራስዎን ፊልዶች ብቻ የሚመርጥ ማጣሪያ ማስቀመጥ እንዳይረሱ፤ አለዚያ የሌሎች አፖችን ፊልዶች ጭምር ጠቅልሎ ያወጣና ቀጣዩ ደንበኛ ዘንድ ባሉት ላይ ይጽፍባቸዋል።

ዕቃውን ሲመዘግቡ መሠረታዊ መለኪያው ኪሎ ይሁን፤ ፈረሱላ 17፣ የኤክስፖርት ኬሻ 60 ኪሎ ብለው ማባዣውን ይስጡ። «ባች» (ቡናውን በየዙሩ ለይቶ መከታተያ) የሚለውንም ያኔውኑ ያብሩ። አንድ ኪሎ እንኳ ገብቶ ከተመዘገበ በኋላ ሲስተሙ መለኪያውንም ባቹንም አያስቀይርም፤ ያለዎት አማራጭ አዲስ ዕቃ ከፍቶ ስቶኩን ወደዚያ ማዛወር ነው፣ አድካሚ ሥራ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። ማበጠሩን በ«ስቶክ ኤንትሪ» (የዕቃ እንቅስቃሴ ሰነድ)፣ ዓላማውን «ሪፓክ» (አንዱን ዕቃ ወደ ሌላ መቀየር) ብለው ይመዝግቡ። ለስሌት ያህል 1,000 ኪሎ በ300 ብር ገባ፣ ማለትም 300,000 ብር። 800 ኪሎ ለኤክስፖርት፣ 160 ኪሎ ለአገር ውስጥ ገበያ ወጣ፤ 40 ኪሎው ገለባና አቧራ ነው። ወጪውን በኪሎ እኩል ካካፈሉት እያንዳንዱ 312.50 ብር ያወጣል። የአገር ውስጡ በ250 ብር ሲሸጥ ሁልጊዜ ኪሳራ ያሳያል፣ የኤክስፖርቱ ትርፍ ደግሞ ያብጣል። የምንመክረው በሽያጭ ዋጋ ድርሻ ማካፈል ነው። ኤክስፖርቱ በ450 ቢገመት 360,000፣ የአገር ውስጡ 40,000 ብር ይሆናል፤ ስለዚህ ከወጪው 90 እና 10 በመቶ ይደርሳቸዋል፦ በኪሎ 337.50 እና 187.50 ብር። ይህን ስሌት አፕዎ «ቫሊዴት» (ሰነዱ ሲቀመጥ የሚደረገው ፍተሻ) ላይ ይሥራውና በእያንዳንዱ የወጣ ቡና መስመር «ዋጋውን በእጅ አስገባ» የሚለውን አብርቶ ይሙላ። የወጣው ድምር ከገባው 300,000 ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ፤ በማጠጋጋት የተረፈች ሳንቲም ወደ ስቶክ ማስተካከያ ሂሳብ ትገባለችና።

አደራ፣ በኮድዎ ወደ ጄኔራል ሌጀር (ዋናው የሂሳብ መዝገብ) በቀጥታ አይጻፉ። ሰነዱን ፈጥረው «ሰብሚት» ያድርጉት (ያጽድቁት)፤ ሌጀሩን ሲስተሙ ራሱ ይጽፋል፣ ሰነዱ ሲሰረዝም ራሱ ይመልሰዋል። በእጅ የጻፉትን ግን ማንም አይመልስልዎትም።

ጥያቄ፦ ቀኖቹን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዳታቤዝ ውስጥ ላስቀምጥ?

መልስ፦ አያስቀምጡ። ዳታቤዙ በአውሮፓው ይቆይ፤ የሚቀየረው ስክሪንና ኅትመት ላይ ብቻ ነው። የበጀት ዓመቱን ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ቢከፍቱት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ልክ ይገጥማል። ወርኃዊ ሪፖርት ግን በ«ወር» ሳይሆን ከቀን እስከ ቀን ይውጣ፤ የሲስተሙ ወር የእኛ አይደለም፣ ጳጉሜንንም አያውቅም።

ጥያቄ፦ አፑን ለሌላ ላኪ ብሸጠው ኮዱን ለሁሉም ይፋ የማድረግ ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። ኢአርፒኔክስት በጂፒኤል 3 (የተለወጠው ኮድ ሲሠራጭ በዚያው ፈቃድ እንዲሆን የሚያስገድድ ፈቃድ)፣ ከሥሩ ያለው መሠረት ፍራፔ ደግሞ ይህን ግዴታ በማይጥለው በኤምአይቲ ፈቃድ ነው የሚሠራጩት። አፕዎ የኢአርፒኔክስትን ኮድ የሚጠራ ከሆነ እሱንም ጂፒኤል ነው ብለው ይነሡ። በደንበኛው ሰርቨር ላይ ሲጭኑ ኮዱን ለእሱ ይሰጣሉ፤ ደንበኛው ለሌላ እንዳያሳልፍ በውል መከልከል ግን አይችሉም። በራስዎ ሰርቨር አስቀምጠው ደንበኛው በብራውዘር ብቻ የሚገባ ከሆነ ኮዱን ለእሱም የመስጠት ግዴታ የለም። የኢአርፒኔክስትን ስምና ዓርማ በምርትዎ ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ጂፒኤል የንግድ ምልክት መብት አይሰጥም።