መልስ፦ ከማናሊ ለአንድ ቀን በረዶ ለማየት የቱ ይሻላል?

ጥር ላይ ማናሊ (በሰሜን ሕንድ ሂማላያ ያለችው ከተማ) አንድ ቀን ብቻ ስላለህ ሮታንግ የተባለው የተራራ ማለፊያ ልሂድ ወይስ ሶላንግ ሸለቆ ብለህ ለጠየቅከው፣ ሮታንግን እርሳው። 3,978 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ በብርዱ ወራት በበረዶ ይዘጋል።

ሶላንግ ከማናሊ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅርብ ነው ብለህ ግን እንዳታረፍድ፤ በተለይ ቅዳሜና እሁድ መኪናው ተሰልፎ ያቺ አጭር መንገድ ሰዓታት ትፈጃለች። ጎህ ሲቀድ ውጣ። እኔ ብሆን ሶላንግን ለመመለሻ ትቼ በቀጥታ በአታል ዋሻ (በተራራው ስር በተቆፈረው የመኪና መንገድ) አልፌ ወዲያ ማዶ ላሃውል ውስጥ ወዳለችው ሲሱ መንደር እሄዳለሁ። ዋሻው 9 ኪሎ ሜትር ነው፣ የተከፈተው በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚያ በፊት የላሃውል አካባቢ በብርዱ ወራት ከማናሊ ተቆርጦ ይቀር ነበር። በማናሊ በኩል ጥድ ታያለህ፤ በወዲያኛው አፍ ስትወጣ ደግሞ ገላጣ ነጭ ተራራና የቻንድራ ወንዝ። በጣም ያምራል!

ከባድ በረዶ ከጣለ ፖሊስ ፎር ዊል ወይም ጎማው ላይ ሰንሰለት ያሰረ መኪና ብቻ ያሳልፋል፣ አንዳንዴም መንገዱን ጭራሽ ይዘጋዋል፤ ያኔ ሶላንግ ይበቃሃል። ሾፌሩን ማታውኑ ጠይቀው። ቦቲና ካፖርት መንገድ ዳር ይከራያል፣ ጓንትና ትርፍ ካልሲ ግን የራስህን ያዝ።

ከሲሱ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ተነስ። ፀሐይ ስትሸሽ የቀለጠው ውሃ አስፋልቱ ላይ በረዶ ሆኖ ይረጋል፣ ጎማ አይይዝም። በዚህ እባክህ አትደራደር።