በላስቲክ የታሰረው ሃይላንድ፦ ስለ ባንጂ ዝላይ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

እሁድ ቱሉ ዲምቱ ባለው ኮንዶሚኒየማችን፣ የጸጉር ላስቲኮችን እርስ በርስ ቀጣጥለን፣ ጫፋቸው ላይ ግማሽ ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ አስረን ከሁለተኛ ፎቅ ለቀነው ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ሙከራና፣ ሰው በሚለጠጥ ገመድ ታስሮ ከከፍታ ስለሚዘልበት ስለ ባንጂ ዝላይ ከተማሪዎችና ከወላጆች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሃይላንዱ ፍጥነቱ መቀነስ የሚጀምረው ላስቲኩ መወጠር እንደጀመረ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ላስቲኩ ገና መወጠር ሲጀምር ወደ ላይ የሚስብበት ኃይል ከሃይላንዱ ክብደት ያነሰ ስለሆነ፣ ፍጥነቱ በዝግታም ቢሆን መጨመሩን ይቀጥላል፤ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው የላስቲኩ ስበትና የሃይላንዱ ክብደት እኩል በሆኑበት ቅጽበት ነው። ታች ደርሶ ለአፍታ ሲቆም ደግሞ ፍጥነቱ ዜሮ ቢሆንም የላስቲኩ ስበት ከሁሉም ጊዜ የበረታ ነው።

ጥያቄ፦ ሰው ቢዘል የት ድረስ እንደሚወርድ አስቀድሞ ይታወቃል?

መልስ፦ ይታወቃል፤ ኢነርጂ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም የሚለውን የኢነርጂ ሕግ የምወደውም ለዚህ ነው፤ በመካከል የሆነውን ሁሉ ሳንከታተል መነሻውንና መድረሻውን ብቻ እናወራርዳለን። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ሳይወጠር 10 ሜትር በሚረዝም ገመድ ዘሎ 20 ሜትር ላይ እንዲቆም ቢፈለግ፣ የሚያጣው የከፍታ ኢነርጂ 11,760 ጁል ነው። የአየሩን ግጭት ከተውነው ይህ ሁሉ ገመዱ ውስጥ መግባት አለበት፤ ስለዚህ ገመዱ አንድ ሜትር ሲለጠጥ 235 ኒውተን ያህል የሚስብ መሆን ይኖርበታል። ታች ሲደርስ 2,350 ኒውተን ይስበዋል፤ ይህም የክብደቱ 4 እጥፍ ነው። በዚያው ገመድ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢዘል 22 ሜትር ይወርዳል። ዘላዩ ሳይመዘን ገመድ የማይመረጥለት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ስፖርት ከየት መጣ?

መልስ፦ በቫኑዋቱ የፔንተኮስት ደሴት ሰዎች እግራቸውን በሐረግ አስረው ከእንጨት ማማ የመዝለል ነባር ልማድ አላቸው። በእንግሊዝ ብሪስቶል ከተማ፣ ከክሊፍተን ድልድይ በላስቲክ ገመድ የተዘለለው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ በተራ ገመድ ልሞክር ይላል፤ ምን ልበለው?

መልስ፦ በፍጹም እንዳይሞክር ይከልክሉት። ተራ ገመድ እምብዛም ስለማይለጠጥ ያንኑ ኢነርጂ በአጭር ርቀት መቀበል ግድ ይሆንበታል። 10 ሜትር የወደቀ ሰው በግማሽ ሜትር ውስጥ እንዲቆም ቢገደድ፣ በአማካይ የክብደቱን 21 እጥፍ ኃይል ይሸከማል፤ ገመዱ ባይበጠስ እንኳ አካሉ አይችለውም።

ጥያቄ፦ ኢነርጂ የማይጠፋ ከሆነ፣ ሃይላንዱ ለምን እጃችን ድረስ አልተመለሰም?

መልስ፦ ከፊሉ አየሩን በመግፋት፣ ከፊሉም ላስቲኩን በማሞቅ ስለወጣ ነው። ላስቲክ ሲለጠጥ የተቀበለውን ሲሰበሰብ ሙሉ በሙሉ አይመልስም። አንድ ሰፊ ላስቲክ ከንፈራችሁን አስነክታችሁ በፍጥነት ወጥሩት፤ ሞቅ ሲል ይሰማችኋል። ስትለቁት ይቀዘቅዛል፤ ደጋግማችሁ ብትወጥሩትና ብትለቁት ግን የማይመለሰው ሙቀት ላስቲኩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከእሁዱ ዝላይ የጎደለውም ከፊሉ ይኸው ሙቀት ነው።