ካርታው በሟች እናት ስም፣ ሻጩ ልጅ፦ ቤቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ «ሪያድ በቤት ሠራተኛነት የምኖር ነኝ። በአዲስ አበባ ዳርቻ በ105 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ያረፈ ቤት ደላላ አግኝቶልኝ የካርታውን ፎቶ በዋትስአፕ ላከልኝ። ካርታው የሻጩ እናት ስም ነው ያለበት። እናቱ ዓምና አርፈዋል፤ እሱ ግን በሕይወት ሳሉ የሰጡት የመሸጥ ውክልና አለው። ቶሎ ቀብድ ላኪ እየተባልኩ ነው። የቦታው ባለቤት ማን እንደሆነ በምን ላረጋግጥ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ቀብዱን አይላኩ።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ በመሆኑ፣ እርስዎ ሊያረጋግጡ የሚገባዎት የቦታው ባለይዞታና በላዩ ያረፈው ቤት ባለቤት ማን እንደሆነ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1195 የአስተዳደር ክፍል ስለ ባለሀብትነት (ማለትም ስለ ባለቤትነት) የምስክር ወረቀት፣ እንደ ካርታ ያለ፣ የሰጠው ሰው ባለሀብት እንደሆነ ይገመታል ቢልም፣ ተከታዩ ቁጥር 1196 ይህ ግምት በማስረጃ ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል። ዋናው ካርታ እንኳ የመጨረሻ ማስረጃ ካልሆነ፣ በስልክ የተላከ ፎቶ ምንም ሊያረጋግጥልዎ አይችልም።

እውነቱ የሚገኘው ቦታው በሚገኝበት ክፍለ ከተማ የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት ከተቀመጠው ማህደር ነው። ማስረጃው በአብዛኛው የሚሰጠው ለባለይዞታው ወይም ለሕጋዊ ወኪሉ ስለሆነ፣ ሻጩ የእርስዎን ተወካይ ይዞ በአካል እንዲቀርብና ይዞታው ከዕዳና ከእገዳ ነጻ ስለመሆኑ ማረጋገጫ በጽሑፍ እንዲጠይቅ ያድርጉ። ተወካይዎ የካርታውን ቁጥር፣ የቦታውን ስፋትና አዋሳኞቹን ከማህደሩ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክር። አንድ ደንበኛዬ ካርታው ያለ እንከን በሆነ ቤት ላይ ሊፈርም አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከማህደሩ መጨረሻ የፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ተያይዞ አግኝተናል፤ ሻጩ በእጁ በያዘው ካርታ ላይ ግን የእግዱ ምልክት እንኳ አልነበረም።

በእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ውክልናው ነው። ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልና በወካዩ ሞት ይቋረጣልና፣ ልጁ እናቱ ካረፉ በኋላ በዚያ ወረቀት ሊሸጥ አይገባውም። ሊሸጥ የሚችለው ወራሽ ሆኖ ነው፤ ለዚህም ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ማውጣት፣ የካርታውን ስም ወደ ወራሾች ማዞር፣ ወንድምና እኅት ካሉትም ሁሉም ተስማምተው መፈረም ይኖርባቸዋል። አንዱ ቀርቶ «ድርሻዬን አልሸጥኩም» ብሎ ቢነሳ፣ ክርክሩ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

አባትየውንም አይዘንጉ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ስለሚገመት፣ በሕይወት ካሉ የቤቱ ግማሽ የእሳቸው ሊሆን ይችላል። ሟቿ ባለትዳር እንደነበሩና እንዳልነበሩ በማስረጃ መጣራት አለበት።

ይህ ሁሉ ከተሟላ በኋላ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት ይፈረም። ደላላው ቤት በጓዳ የተጻፈ ወረቀት፣ ምስክሮች ቢፈርሙበትም፣ ሻጩ በካደ ጊዜ የሚያስጥልዎ አይሆንም። መምጣት ካልቻሉ ለሚያምኑት ሰው በሪያድ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ውክልና ይስጡ፤ ሰነዱም እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጥ። ተወካዩን ከደላላው ወገን አይምረጡ።

ሻጩ ወደ ክፍለ ከተማው ለመሄድ ሰበብ ካበዛ ግዢውን ይተዉት። ከሄደም የማህደሩ ውጤት በጽሑፍ እስኪደርስዎ ድረስ በላብዎ ያፈሩት ገንዘብ ከሒሳብዎ አይውጣ።