በሐዋሳ ለምትሠሩ ወጣት ሐኪሞች፦ ራጁንና የትንፋሽ ምርመራውን አብራችሁ አንብቡ

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

በሐዋሳ በውስጥ ደዌ ሕክምና ረጅም ዘመን ስሠራ፣ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ይዞት ለመጣ ሰው ሁሉ የደረት ራጅ ሲታዘዝ፣ ስፓይሮሜትሪ (ሰው ወደ መሣሪያ በኃይል ሲነፋ የሚያስወጣውን አየር መጠንና ፍጥነት የሚለካው የትንፋሽ ምርመራ) ግን ከስንት አንዴ ብቻ ሲጠየቅ አይቻለሁ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ራጅ በቀላሉ ይገኛል፣ ስፓይሮሜትሪ ግን ከመሣሪያው ሌላ ትዕግሥት ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። ነገር ግን ምስሉ ጉዳቱ የት እንደሆነና ምን እንደሚመስል ሲያሳይ፣ ያ ጉዳት የሕመምተኛውን ትንፋሽ ምን ያህል እንደጎዳው የሚነግረን ስፓይሮሜትሪው ነው።

ይህ ጎልቶ የሚታየው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናቸውን ጨርሰው በዳኑ ሰዎች ላይ ነው። ዕድሜያቸውን በማገዶ ጭስ ውስጥ ያሳለፉ፣ ከዓመታት በፊት የቲቢ መድኃኒት የጨረሱ እናት ትንፋሽ አጥሯቸው ሲመጡ፣ ራጁ በላይኛው የሳንባ ክፍል ጠባሳ ያሳያል። ያን ጠባሳ ብቻ ያየ ሐኪም «ተመልሶባቸዋል» ብሎ መድኃኒቱን እንደገና ለማስጀመር ይቸኩላል። አክታቸው ተመርምሮ ነቀርሳ አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ ግን ስፓይሮሜትሪ ይሠራላቸው፤ የአየር ቧንቧን የሚያሰፋውን ሳልቡታሞል 400 ማይክሮግራም ስበው 15 ደቂቃ ያህል ከቆዩ በኋላም በመጀመሪያው ሰከንድ የሚያስወጡት አየር በጠቅላላ ከሚያስወጡት ሲነጻጸር ከ0.70 በታች ከሆነ፣ የአየር መተላለፊያቸው በዘላቂነት ጠቧል ማለት ነው። ለእኚህ እናት የሚያስፈልጋቸው የትንፋሽ ሕክምናና ከጭስ መራቅ ነው እንጂ የወራት የቲቢ መድኃኒት አይደለም።

የሁለቱ ውጤት ሳይስማማ ሲቀር አንዱን ለመጣል አትቸኩሉ፤ አለመስማማቱ ራሱ መረጃ ነው። ኤምፊዚማ (የሳንባ የአየር ከረጢቶች ፈራርሰው የሚሰፉበት ሕመም) እና የሳንባ ጠባሳ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ አንዱ ሳንባውን ሲያሰፋ ሌላው ስለሚያጠበው የስፓይሮሜትሪው ቁጥር ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ሰውየው ግን ደረጃ መውጣት ያቅተዋል፤ ጉዳቱንም የሚገልጠው ሲቲ ስካኑ ነው። የጋዝ ልውውጥ መለኪያ በሌለበት፣ ለ6 ደቂቃ እያስኬዳችሁ የደም ኦክስጅኑን በጣት መለኪያ ተከታተሉ።

ተቃራኒውም አለ። በከተማችን የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ስላለ፣ የጥጥ ብናኝ የሚያመጣውን ሕመም ልታውቁት ይገባል። ሠራተኛዋ ከዕረፍት በተመለሰችበት ቀን ደረቷ ይጨንቃታል፣ በቀጣዮቹ ቀናት ይቀላታል፤ ራጇም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ብታስነፏት ግን የትንፋሿ መጠን መቀነሱን ታገኙታላችሁ። ራጁን ብቻ ይዞ «ምንም የለብሽም» ብሎ መሸኘት፣ እኔ እንደማምነው፣ ከባድ በደል ነው።

ሁለቱም ምርመራዎች ሕመምተኛው በሚገባ ካልተነፈሰ ይበላሻሉ። አየር ሳይስብ የተነሣ ራጅ የሳንባውን ግርጌ አንጥቶ የታመመ ያስመስለዋል። ስፓይሮሜትሪ ላይም አፍንጫውን ቆንጥጣችሁ፣ ከንፈሩ በአፍ መያዣው ዙሪያ መግጠሙን አይታችሁ፣ በሲዳምኛም ሆነ በአማርኛ በሚገባው ቋንቋ «ንፋ፣ ንፋ፣ አታቋርጥ!» እያላችሁ እስኪጨርስ አበርቱት። ቢያንስ 3 ጥሩ ሙከራዎች ያስፈልጋሉ፤ የሁለቱ ከፍተኛ ውጤቶች ልዩነት ከ150 ሚሊ ሊትር ከበለጠ እንደገና ይንፋ። ደም የሚያስል፣ ሳንባው አየር አፍስሶ የተኮማተረበት ወይም ተላላፊ ቲቢ የሚጠረጠርበት ሰው ግን አይነፋም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ራጁ መቅደም አለበት።

በመጨረሻም የሲቲ ስካን ማዘዣ ላይ «ሳል» የምትል አንዲት ቃል ጽፋችሁ አትላኩ። የስፓይሮሜትሪውን ቁጥሮች፣ የቀድሞ የቲቢ ታሪኩንና የሥራውን ዓይነት አስፍሩ። የተለመደው ሲቲ ስካን የሚነሣው ሕመምተኛው አየር ስቦ በያዘበት ቅጽበት ስለሆነ፣ በትናንሽ ቧንቧዎች መጥበብ ታምቆ የሚቀረውን አየር ሊሰውረው ይችላል። ይህን ከጠረጠራችሁ አየር አስወጥቶም እንዲነሣ በማዘዣው ላይ በግልጽ ጠይቁ፤ የራዲዮሎጂ ባለሙያው ይህን ካልነገራችሁት በራሱ ሊያውቅ አይችልም።