መሪው ሦስተኛ ተራ ሲይዝ

ይህን የምጽፈው ሙዚቃ ለምትማሩ፣ ባንድ ለመመሥረት ለምታስቡ፣ ሌሊት ላፕቶፕ ላይ አፍጥጣችሁ ቅንብር ለምትሠሩ ልጆች ነው። ዕድሜዬን የገፋሁት የሌሎች ሰዎችን ዘፈን በማቀናበር ስለሆነ ምክሬም ወደዚያው ያደላል። ሌላ ሙያ ላይ ያላችሁም ብታነቡት ክፋት የለውም።

የማወራችሁ ስለ አንድ የጃዝ አልበም ነው፤ የኦሊቨር ኔልሰን «ዘ ብሉዝ ኤንድ ዚ አብስትራክት ትሩዝ»። በፈረንጆቹ 1961 ፌብሩዋሪ 23 ቀን ኒው ጀርሲ ውስጥ በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ተቀዳ። ስድስቱም ሥራዎች በአንድ ቀን አለቁ። ያሳተመው ያኔ ገና ጀማሪ የነበረው ኢምፐልስ የሚባል የሙዚቃ አሳታሚ ነው። ኔልሰን የአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ደግሞ ያኔ 28።

እስቲ ስቱዲዮ ይዟቸው የገባውን ሰዎች ተመልከቱ። ትራምፔት ፍሬዲ ሀባርድ፣ የ22 ዓመት ጎረምሳ። ፒያኖ ቢል ኤቫንስ፣ ቤዝ ፖል ቼምበርስ፤ ሁለቱም በ1959 ከትራምፔተኛው ማይልስ ዴቪስ ጋር «ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለውን አልበም የሠሩ። ድራም ሮይ ሄይንስ። ባሪቶን (ወፍራም ድምፅ ያለው) ሳክስፎን ጆርጅ ባሮው። አልቶ (ቀጠን ያለ ድምፅ ያለው) ሳክስፎንና ፍሉት ኤሪክ ዶልፊ።

ዶልፊ ላይ ትንሽ እንቆይ። ኔልሰን ራሱ አልቶና ቴነር (በአልቶና በባሪቶን መሃል ያለ) ሳክስፎን ይጫወታል። አልበሙም የራሱ ነው። ታዲያ ምን ነክቶት ነው በዘመኑ ከነበሩት አልቶ ተጫዋቾች ደፋሩን ጠርቶ አጠገቡ ያቆመው? ዶልፊ ገና ሲጀምር የሰው ጆሮ ሁሉ ወደሱ ይዞራል። ከድምፅ ወደ ድምፅ ዝላዩ ሰፊ ነው፤ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። እኔ ያየኋቸው ብዙ የባንድ መሪዎች እንዲህ ዓይነቱን ሰው አይጠሩም። ከነሱ ትንሽ ዝቅ የሚል ይመርጣሉ። «ይሄ ልጅ አያስቸግረኝም» ይላሉ። እውነትም አያስቸግራቸውም፤ ባንዱም እነሱ የቆሙበት ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያውን ሥራ፣ «ስቶለን ሞመንትስ»ን ክፈቱት። ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ነው። ዋናው ዜማ 16 ባር (እኩል የምት ክፍል) ነው፤ አራቱ የትንፋሽ መሣሪያዎች ተጠጋግተው፣ ሳይጯጯሁ ይጫወቱታል። ከዚያ ሶሎው፣ ማለትም አንድ አንድ እየወጡ ለብቻ የሚጫወቱበት ክፍል፣ ሲጀመር መሠረቱ ወደ 12 ባር ማይነር (ጠቆር ያለ ስሜት ያለው) ብሉዝ ይዞራል። መጀመሪያ የሚወጣው ማን ይመስላችኋል? ያ የ22 ዓመቱ ልጅ። ቀጥሎ ዶልፊ በፍሉት። መሪው ኔልሰን ሦስተኛ ነው። እሱም ተራው ሲደርስ ከሁለቱ ጋር እሽቅድምድም አይገባም። ቴነሩን ይዞ ከትንሽ ሐረግ ይነሳል፤ ሐረጓን ይደጋግማታል፣ ደረጃ በደረጃ ያሳድጋታል። ከጀርባው ግን ቀኑን ሙሉ የሚጫወቱት የሱን ድርሰት፣ የሱን ቅንብር ነው። ሁሉን አስቀድሞ ወረቀት ላይ ጨርሶት ስለገባ ሌላው ቢደምቅ የሚቀርበት ነገር የለም። ልጆች፣ የቤት ሥራውን ያልሠራ መሪ ነው ጎበዝ የሚፈራው።

ደግሞ ጆርጅ ባሮው አለ። በዚህ ሥራ ላይ አንዲት ሶሎ የለውም። ዛሬ «ሶሎ ካልተሰጠኝ ምን እሠራለሁ» ብሎ የሚያኮርፍ ወጣት በየባንዱ አይጠፋም። (አኩርፎ ሲሄድ ደግሞ ሜሴጅ እንኳ አይመልስም።) እስቲ ዋናው ዜማ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ የባሪቶኑን ድምፅ ብቻ ተከተሉ። ያንን የሚያሞቅ ወፍራም ድምፅ ከሥር የያዘው እሱ ነው። እሱን አውጡና ትራምፔቱ አየር ላይ ይንጠለጠላል። ሙያ በልብ ነው የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ብሉዝ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። በተለመደው መልኩ 12 ባር ነው፤ አራት አራት ሆኖ ሦስት ቦታ ይከፈላል። በድሮው አዘፋፈን የመጀመሪያው ስንኝ ይባላል፣ ይደገማል፣ ሦስተኛው ይመልሳል። ዋና ዋናዎቹ ኮርዶች (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) ሦስት ናቸው። «ይሄ ብቻ?» ትሉ ይሆናል። ትዝታን ስንት ሰው ዘፍኖታል? ቅኝቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን የአንዱ ትዝታ ከሌላው አይገጥምም። ኔልሰንም ያቺን ጠባብ ቅርጽ ይዞ ነው አንዳንዴ ሲያጠብቃት፣ አንዳንዴ ሲለጥጣት፣ አንዳንዴም ከናካቴው ሌላ ቅርጽ ሲሞክር የምንሰማው። አልበሙ ደፋር ነው፣ ግን ከብሉዝ እጁን አላወጣም። ለኔ ደስ የሚለኝ ይሄ ነው፤ ሥር የሌለው ሙከራ ቶሎ ይሰለቸኛል።

«ካስኬድስ» የሚለውን ደግሞ ለተማሪዎች ብዬ ለየሁት። ኔልሰን ተማሪ ሳለ ለሳክስፎን ልምምድ ብሎ የጻፈው ነበር። ጣት ማፍታቻ! ከዓመታት በኋላ ኤቫንስና ሀባርድ ባሉበት ስቱዲዮ ይዞት ገባ። «ስቶለን ሞመንትስ»ም ቢሆን ያን ቀን የተወለደ አይደለም። በ1960 ለሳክስፎኒስቱ ኤዲ «ሎክጆ» ዴቪስ አልበም፣ ለትልቅ ባንድ አቀናብሮት ነበር። በ1961 አሳንሶ፣ ለሰባት ሰው አድርጎ መለሰው። ስለዚህ የልምምድ ደብተራችሁን አትጣሉ። ስልካችሁ ላይ ያለውን የድምፅ ቅጂም «ሜሞሪ ሞላ» ብላችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት አንዴ ስሙት።

ኔልሰን በኋላ ሎስ አንጀለስ ገብቶ ለቴሌቪዥንና ለፊልም ብዙ ጻፈ። በ1975 በ43 ዓመቱ አረፈ። ዶልፊ ቀድሞት በ1964 በርሊን ውስጥ ሞቷል፤ 36 ዓመቱ ነበር። ኔልሰን ለቴሌቪዥን የጻፈውን ያህል ለራሱ ባንድ ቢጽፍ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ግን የአቀናባሪን ኪስ ስለማውቅ አልፈርድበትም።

አልበሙን በስልክ ስፒከር አትስሙት፤ የቼምበርስ ቤዝ ሙሉ በሙሉ ይጠፋባችኋል። የጆሮ ማዳመጫ ተዋሱ። መጨረሻ ላይ ያለው «ቲኒስ ብሉዝ» ላይ ኔልሰንም ዶልፊም አልቶ ይዘዋል። ሽፋኑን ሳታዩ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ሞክሩ። ክብ ድምፅ ያለው፣ ሐረጉን ጨርሶ የሚሄደው ኔልሰን ነው። ሰው እንደሚያወራ የሚጮኸውን ማን እንደሆነ አልነግራችሁም።