መልስ፦ የማዕከላዊ አሜሪካ ጥናት ብማር ያዋጣኛል?

ሰላም እህቴ፣ ኖርዝሪጅ ያለው የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አስበሽ «የማዕከላዊ አሜሪካ ጥናት ከስፓኒሽ ትምህርት በምን ይለያል? ሥራስ ያስገኛል?» ብለሽ ለጠየቅሽው።

ልዩነቱ ሰፊ ነው። ስፓኒሽ የሚያጠና ቋንቋውና ሥነ ጽሑፉ ላይ ያተኩራል። ይሄኛው ግን የማዕከላዊ አሜሪካ ሰዎች ለምን ከአገራቸው እንደወጡ፣ ወደ አሜሪካ መጥተውስ ምን ዓይነት ኑሮ እንደመሠረቱ ነው የሚያስተምርሽ። ዩኒቨርሲቲው ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ2000 ሲጀምር በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። የኤል ሳልቫዶርን ጦርነት (1980–1992) እና የጓቲማላን (1960–1996) ሳታውቂ ሎስ አንጀለስ ያለው ፒኮ ዩኒየን ሰፈር ለምን ከማዕከላዊ አሜሪካ በመጡ ሰዎች እንደተሞላ አይገባሽም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የቋንቋው ነገር ነው። ጓቲማላ ውስጥ ከ20 በላይ የማያ ቋንቋዎች አሉ። ከዚያ የመጣ ሁሉ ስፓኒሽ ይችላል ማለት ስህተት ነው፤ ፍርድ ቤት የቂቼ ወይም የቃንሆባል አስተርጓሚ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። (ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ አማርኛ ይችላል እንደሚሉት በይው።) ሆንዱራስና ቤሊዝ ያሉት ጋሪፉናዎች ደግሞ ጥቁሮች ናቸው፣ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥም ብዙ ናቸው።

ስለ ሥራው እውነቱን ልንገርሽ፤ ዲግሪው ብቻውን ብዙ በር አይከፍትም። ከማኅበራዊ ሥራ፣ ከመምህርነት ወይም ከሕግ ጋር ካጣመርሽው ግን ሌላ ነው። ስፓኒሽሽ ደከም ያለ ከሆነ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ያዢው።